ለሠራተኛ ወላጆች የጨርቅ ዳይፐርን በከፊል መጠቀም ያዋጣል? የአማራጮች ንጽጽር

የጨርቅ ዳይፐር ነገር በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ወይ ሙሉ በሙሉ ወይ ጭራሽ በሚል ይዘጋል፤ ቤት የሚውል ሰው ያለው ይሞክረው፣ ሁለቱም ወላጆች ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ከሆነ ግን አይታሰብም ይባላል። ይሁንና በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለ። ልጁ ቤት ሲሆን የጨርቁን፣ ሌሊትና መንገድ ላይ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዳይፐር የሚያደርጉለት ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ መካከለኛ መንገድ ነው፤ አማራጮቹን ጎን ለጎን እያስቀመጠ ለማን እንደሚያዋጣ፣ ማንን ደግሞ ለከንቱ ወጪና ድካም እንደሚዳርግ ለመለየት ይሞክራል።

ብዙ ሰው ስሌቱን የሚጀምረው ከዳይፐሩ ቁጥር ነው፤ በቀን ይህን ያህል ዳይፐር ካልተጣለ በዓመት ይህን ያህል ገንዘብ ይተርፋል በሚል። ሥራ ለሚውል ወላጅ ግን የተሻለው መነሻ የእጥበቱ ዙር ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ የጨርቅ ዳይፐር በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ ታጥቦ ተመልሶ ይለበሳል? እጥበቱስ ቤት ውስጥ አስቀድሞ ካለው የልብስ እጥበት ጋር ይገጥማል ወይስ ራሱን የቻለ አዲስ ሥራ ሆኖ ይመጣል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በሐቅ ከተመለሱ የቀረው ውሳኔ ብዙም አያስቸግርም።

ልጁ በየትኛው ሰዓት ስንት ዳይፐር ይቀይራል?

አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ዳይፐር ይጨርሳል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ቁጥሩ ወደ 6 እና 8 ይወርዳል፤ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ 5 ወይም 6 ይበቃዋል። ወላጆች ወደ ሥራ በሚመለሱበት ጊዜ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ስለሚሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ለስሌት እንዲመች በቀን ስድስት የቀን ዳይፐርና አንድ የሌሊት ዳይፐር እንይዛለን።

ከእነዚህ ስድስት ዳይፐሮች መካከል በሥራ ቀን ስንቱ በወላጅ እጅ ይቀየራሉ? ጠዋት የሚደረግለት ዳይፐር ወደ ሕፃናት ማቆያ ወይም ወደ ሞግዚት ይዞት የሚሄደው ነው፤ ቀጣዮቹ ሦስትና አራት እዚያው ይቀየራሉ፤ ማታ ወላጅ ከገባ በኋላ እስከ መኝታ ድረስ የሚቀረው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ስድስቱም ቤት ውስጥ ናቸው። በከፊል ስለ መጠቀም የሚነገረው ነገር ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል፤ በተለይም የማታዎቹ ጥቂት ዳይፐሮች ከመጠናቸው በላይ የሆነ ጥያቄ ያስነሣሉ።

አራቱ አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ የጨርቁን ጨርሶ ትቶ በሚጣለው ብቻ መቀጠል ነው። ይህም ሊናቅ የሚገባው ምርጫ አይደለም፤ እጥበት የለበትም፣ ማንኛውም ተንከባካቢ ያውቀዋል፣ ልጁ ሲታመምም ሆነ ቤተሰቡ ሲጓዝ አሠራሩ አይለወጥም። ሁለተኛው የጨርቁን ቅዳሜና እሑድ ብቻ መጠቀም ነው፤ በሳምንት 12 ጊዜ ያህል ይሆናል። ሦስተኛው በሳምንቱ መጨረሻ ላይ የሥራ ቀን ምሽቶችን መጨመር ነው፤ በየምሽቱ ሁለት ከተቆጠረ በሳምንት 22 ጊዜ ይደርሳል። አራተኛው ማቆያውም ወይም ሞግዚቷም ተባብረው ቀኑን ሙሉ ጨርቅ፣ ሌሊት ብቻ የሚጣል ማድረግ ሲሆን በሳምንት ወደ 42 ጊዜ ይጠጋል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲታይ ትልቅ ይመስላል። እጥበቱ ሲታይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሽንት የራሰ ጨርቅ ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት ቀን በላይ ሳይታጠብ መቆየት የለበትም፤ ከዚያ ካለፈ ባክቴሪያዎች በሽንቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፣ ጨርቁም ሽታውን ይይዛል፣ ሻጋታም ሊበቅልበት ይችላል። የሳምንቱን መጨረሻ ብቻ የሚጠቀም ሰው እሑድ ማታ አንድ ጊዜ አጥቦ ሊገላገል ይችላል። ምሽቶችን የሚጨምር ሰው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሚጠራቀሙት አሥር ዳይፐሮች ሲል በሳምንቱ መሐል ቢያንስ አንድ፣ እንደ ሁኔታውም ሁለት እጥበት ይጨምራል። እነዚያ እጥበቶች ቀድሞውኑ ከሚታጠቡ ፎጣዎችና የሕፃን ልብሶች ጋር የሚቀላቀሉ ከሆነ ወጪም ድካምም አይሰማም፤ ለአምስትና ለስድስት ዳይፐር ብቻ ማሽን የሚከፈት ወይም ባልዲ የሚቀረብ ከሆነ ግን ሦስተኛው አማራጭ ከሁሉም የሚደክመው ይሆናል።

ገንዘቡ መቼ ይመለሳል?

የዋጋ ነገር ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ስሌቱን በሚጣለው ዳይፐር ዋጋ መሥራት ይሻላል። የአንድ የሚጣል ዳይፐር ዋጋ 1 ነው እንበል። ለምሳሌ ያህል አንድ ዘመናዊ ኪስ ያለው (መምጠጫ ጨርቅ በኪሱ የሚገባበት) የጨርቅ ዳይፐር የዚህን 40 እጥፍ ያወጣል፤ አንዱን ዳይፐር ለማጠብ የሚወጣው ውሃ፣ ሳሙናና መብራት ደግሞ 0.2 ነው ብለን እንነሣ። አንባቢው በእነዚህ ቁጥሮች ምትክ በአካባቢው ያለውን ዋጋ አስገብቶ ራሱ ሊያሰላው ይገባል፤ ቀመሩ አንድ ነው፤ ለጨርቁ ግዢ የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ፣ ከአንድ የሚጣል ዳይፐር ዋጋ ላይ የአንድ ጊዜ እጥበት ወጪ ሲቀነስ በሚቀረው ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ወጪው እስኪመለስ ድረስ ጨርቁ ስንት ጊዜ መለበስ እንዳለበት ያሳያል።

በዚህ መሠረት ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ብቻ ለመጠቀም ሁለት መጠባበቂያ ጨምሮ 14 ዳይፐር ያስፈልጋል። ይህ 560 ይሆናል፤ እያንዳንዱ አጠቃቀም 0.8 ስለሚያተርፍ ወጪው የሚመለሰው ከ700 ጊዜ በኋላ ነው፤ በሳምንት በ12 ሲካፈል 58 ሳምንት፣ ማለትም ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ምሽቶችንም የሚጨምር ሰው በዚያው 14 ዳይፐር በ32 ሳምንት ገደማ ወጪውን ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ የሚጠቀም ሰው በየሁለት ቀኑ እያጠበ የሚደርቅበትንም ጊዜ ለማሟላት 18 ያህል ዳይፐር ያስፈልገዋል፤ ግዢው 720 ቢሆንም በሳምንት 42 ጊዜ ስለሚጠቀም በ21 ሳምንት ይመልሰዋል። ብዙ የገዛው ሰው ፈጥኖ ማትረፉ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጨርቅ ዳይፐር ገንዘብ የሚያድነው ሲለበስ ብቻ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ አይደለም።

አሁን ደግሞ ማሽኑ ግማሽ ባዶውን እየዞረ የአንዱ ዳይፐር የእጥበት ወጪ ወደ 0.4 ከፍ አለ እንበል። ያው የምሽትና የሳምንት መጨረሻ ተጠቃሚ ከ32 ወደ 42 ሳምንት ይገፋል። ልጁ አንድ ዓመት ተኩል ከሞላው በኋላ ጨርቅ ለሚጀምር ቤተሰብ ይህ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ ልጁ ከዳይፐር እስኪወጣ የሚቀረው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ሊሆን ስለሚችል በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ በአዲስ ኪስ ያለው ዳይፐር መጀመር በገንዘብ በኩል ኪሳራ ነው።

ስሌቱን በአንድ ጊዜ የሚያሻሽለው የጨርቁ ዓይነት ነው። አራት ማዕዘን ታጣፊ ጥጥ ጨርቅ ውሃ ከማያሳልፍ ሽፋን ጋር ሲሠራበት ጨርቁ ብቻ ነው በየጊዜው የሚቀየረው፤ ሽፋኑ ካልቆሸሸ ተጠርጎና ተናፍሶ ለሁለትና ለሦስት ቅያሪ ያገለግላል። አንዱ ታጣፊ ጨርቅ 8፣ አንዱ ሽፋን ደግሞ 35 ያወጣል ብንል፣ 14 ጨርቅና 4 ሽፋን በድምሩ 252 ይሆናል። ይህ በ315 አጠቃቀም ይመለሳል፤ ለምሽትና ለሳምንት መጨረሻ ተጠቃሚ 14 ሳምንት፣ ለሳምንት መጨረሻ ብቻ ተጠቃሚ ደግሞ 26 ሳምንት ማለት ነው። በከፊል ለሚጠቀም ሰው ርካሹና አሮጌው ዘዴ ከዘመናዊው የሚሻልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ያገለገለ ጨርቅ ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ማግኘትም እንዲሁ ስሌቱን ይቀይረዋል። ሲቀበሉ ሁለት ነገር መመርመር ያስፈልጋል። የጭኑን ላስቲክ ለጥጠው ሲለቁት በፍጥነት ተመልሶ የማይሰበሰብ ከሆነ ማፍሰሱ አይቀርም፤ ላስቲኩን ግን ልብስ ሰፊ በቀላሉ ሊቀይረው ይችላል። የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት የፕላስቲኩ ልባጥ ከጨርቁ ተላቆ የሚነፋ ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን መፍትሔ የለውም፣ ይተውት።

የትኛው ዓይነት ለየትኛው ቤት?

ከላይ የተጠቀሰው ታጣፊ ጨርቅ ከሽፋን ጋር ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በእጅ ለማጠብም ያመቻል፤ በእጅ ለሚያጥብ ሰው ደግሞ አንድ ድርብ ብቻ ያለው ሰፊ ዝርግ ጨርቅ ከሁሉም ይቀላል፣ ምክንያቱም ሳሙናው በቀላሉ ይወጣለታል፣ በገመድ ላይም ቶሎ ይደርቃል። ጉዳቱ አስተጣጠፉን ማወቅ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ለማያውቀው ተንከባካቢ ሰጥቶ መሄድ አይቻልም፤ አያት ግን ከወላጅ ይበልጥ ሊያውቁት ይችላሉ።

ኪስ ያለው ዳይፐር ከውጭ ውሃ የማያሳልፍ፣ ከውስጥ ለስላሳ ገበር ያለው ሲሆን በመካከል ባለው ክፍት መምጠጫ ጨርቅ ይገባበታል። ቀድሞ ከተሞላ እንደሚጣለው ዳይፐር አንሥቶ ማድረግ ነው፤ ሲደርቅም መምጠጫው ተለይቶ ስለሚሰጣ አይዘገይም። በአንጻሩ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ መልሶ መሙላትን ይጠይቃል፤ ይህ ሥራ በአንድ ዳይፐር ከአንድ ደቂቃ በታች ቢሆንም ደክሞ በገባ ሰው ላይ ሲደራረብ ይታወቃል። ሁሉም ክፍሉ በአንድ ላይ የተሰፋው ዓይነት ለተንከባካቢ ከሁሉ የሚቀለው ነው፤ ምንም የሚሞላም የሚታጠፍም ነገር የለውም። ዋጋው ግን ከሁሉ ይወደዳል፤ ውፍረቱም በአንድ ላይ ስለሆነ ፀሐይ በሌለበት ቀን ለመድረቅ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

የመምጠጫው ጨርቅም ልዩነት አለው። ማይክሮፋይበር የተባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ፈጥኖ ይመጥጣል፣ ፈጥኖም ይደርቃል፤ ሲጫኑት ግን ያጠራቀመውን ይለቃል፤ የሕፃኑንም ቆዳ ስለሚያደርቅ በቀጥታ እንዲነካው መደረግ የለበትም። ጥጥ በሁሉም በኩል መካከለኛና አስተማማኝ ነው። ሄምፕ የተባለው ከተክል ቃጫ የሚሠራ ጨርቅ በቀስታ ይመጥጣል እንጂ ብዙ ይይዛል፤ ስለዚህ ከጥጥ ወይም ከማይክሮፋይበር ሥር ቢቀመጥ ይሻላል። ጥጥና ሄምፕ በተፈጥሮ ያላቸው ቅባት እስኪወጣ ድረስ በደንብ ስለማይመጥጡ፣ ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ የመጀመሪያውን ቀን የሞከሩ ወላጆች ናቸው አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ ያፈሳል ብለው የሚተዉት።

ማፍሰስ ሲያጋጥም ወደ ሌላ ዓይነት ከመሮጥ በፊት አደራረጉን ማየት ይገባል። ላስቲኩ መቀመጥ ያለበት ጭኑና ብሽሽቱ በሚገናኙበት እጥፋት ውስጥ እንጂ በጭኑ ላይ አይደለም። የውስጠኛው ጨርቅ ጠርዝ ከሽፋኑ ሥር በትንሹም ቢሆን ብቅ ካለ ሽንቱን ወደ ልብሱ እየሳበ ያወጣዋል። ዳይፐሩ ሲወልቅ በጭኑ ላይ የሚቀረው ቀለል ያለ የላስቲክ ምልክት እንደ ካልሲ ምልክት ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ልኩ ጥሩ ነው፤ ቀልቶ የሚቆይ ከሆነ ጠብቋል።

እጥበቱ በሥራ ሳምንት ውስጥ

ያገለገለው ዳይፐር ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳይሆን አየር በሚያገኝ ዕቃ ወይም ከረጢት ውስጥ በደረቁ ይቀመጣል። መዘፍዘፍ የሽፋኑን ልባጥና ላስቲኩን ያደክማል፤ ከዚያም በላይ ውሃ የያዘ ባልዲ መዳህና መቆም ለጀመረ ልጅ የመስጠም አደጋ አለው። የእናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ዐይነ ምድር በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ የተለየ ዝግጅት አይፈልግም። ምግብ ከጀመረ በኋላ ግን ጨርቁ ከመቀመጡ በፊት ዐይነ ምድሩ ሽንት ቤት ውስጥ መራገፍ አለበት። ብዙ ወላጆችን የሚያስቆመው ይህ ሥራ ነው፤ ስስ ገበር በላዩ ላይ ማድረግ ሥራውን በጣም ያቀልለዋል፤ ይሁንና ሽንት ቤት ውስጥ ይለቀቃል ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን ገበሩን እዚያ መልቀቅ ቧንቧ ይዘጋልና ቆሻሻ ውስጥ መጣል ይሻላል።

ማጠቡ ራሱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አጭር ቅድመ እጥበት ተደርጎ የቆሸሸው ውሃ ይወጣል፤ ከዚያ ዋናው እጥበት በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በበቂ ሳሙና ይከናወናል። ሌላ ልብስ የሚቀላቀለው ከቅድመ እጥበቱ በኋላ ነው፤ በከፊል የሚጠቀም ቤተሰብ ማሽኑን በበቂ ሁኔታ የሚሞላው በዚህ መንገድ ነው። ከበሮው ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሞላ ጨርቆቹ እርስ በርስ ስለሚተሻሹ በደንብ ይጸዳሉ፤ ባዶነት የበዛበት ማሽን ውሃ ያባክናል፣ የታጨቀበት ደግሞ አያጸዳም።

የልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አይጨመርም፤ ጨርቁን በቅባት ስለሚለብጠው መምጠጥ ያቆማል። በሽፍታ ጊዜ የሚቀባው ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ወፍራም ቅባትም ተመሳሳይ ጉዳት አለው፤ ቅባቱን መጠቀም ግድ ከሆነ ስስ ገበር ጣልቃ ይገባል ወይም ለእነዚያ ቀናት የሚጣለው ይደረጋል። ጨርቁ መጎዳቱን ለማወቅ የታጠበና የደረቀ መምጠጫ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ጨርቁ ደህና ነው፤ ክብ ሆኖ ከላይ ከቆመና ጨርቁን ዘንበል ሲያደርጉት ከተንከባለለ ቅባት ይዞታል። ዳይፐሩ ከታጠበ በኋላም ልጁ እንደሸና የሚኮሰኩስ የአሞኒያ ሽታ ወዲያው የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የሳሙና ማነስ ወይም ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው። በረኪና እየደጋገሙ መጨመር ላስቲኩንና ልባጡን ስለሚጎዳ መፍትሔው ሳሙናውን ማስተካከል ነው። ነጠብጣብ የቀረበትን ጨርቅ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻ ያነጣዋል። ሽፋኖቹ በከፍተኛ ሙቀት መድረቅ የለባቸውም።

ውሃ በሚቆራረጥበት ቤት ስሌቱ ሁሉ ወደ ጎን ይቀመጣል። በሦስት ቀን ውስጥ በእርግጠኝነት ማጠብ የማይችል ቤተሰብ ጨርቁን ውሃው በሚመጣባቸው ቀናት ብቻ ቢጠቀምበት ይሻላል።

ማቆያውና ሞግዚቷ

አራተኛው አማራጭ በወላጆች ፈቃድ ብቻ የሚሆን አይደለም። ማቆያዎች የጨርቅ ዳይፐርን አንዳንዶቹ ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹ በንጽሕና ደንባቸው ምክንያት አይቀበሉም፤ ያልጠየቀ ወላጅ ግን እንደማይቀበሉ ገምቶ ያልፋል። ስትጠይቁ ስለ ጨርቅ ዳይፐር ጥቅም ከመናገር ይልቅ አንዱን ይዛችሁ ሂዱና በፊታቸው ግጠሙት፤ ለእነሱ የሚለወጠው ነገር የወለቀውን ዳይፐር በመጣል ፈንታ ዚፕ ባለው ውሃ የማያሳልፍ ከረጢት ውስጥ መክተት ብቻ መሆኑን ያዩታል። ማንም እዚያ እንዲያጥብ ወይም እንዲያለቀልቅ አይጠበቅም።

ለእነሱ የሚላከው ዳይፐር ቀድሞ የተሞላ ኪስ ያለው ወይም ሁሉን በአንድ የያዘው ዓይነት ይሁን፤ በማጣበቂያ የሚዘጋው ከቁልፍ ይልቅ ለማያውቅ እጅ ይቀላል፣ ምንም እንኳ ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ቢደክምና አደገ ያለ ልጅ ራሱ ሊፈታው ቢችልም። ጨርቅ በየሁለት፣ ቢበዛ በየሦስት ሰዓቱ መቀየር እንዳለበት በግልጽ መነገር አለበት። ማቆያው በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚቀይር ከሆነ ግን ጨርቅ አትላኩ፤ የሚጎዳው የልጁ ቆዳ ነው፣ ቅሬታውም ወደ እናንተው ይመለሳል።

ቤት ውስጥ ሞግዚት ላለው ቤተሰብ ሁኔታው የተለየ ነው፤ እዚህ ጨርቅ ዳይፐር በእሷ ሥራ ላይ የሚጨመር ሥራ ነው። ከሌላ ሥራዋ ላይ የሚቀነስ ነገር ሳይኖር የዳይፐር እጥበትን መጫን ፍትሐዊም ዘላቂም አይደለም። ተንከባክባ ትቀይርና እጥበቱ በወላጆች እጅ ይቅር፤ ይህ የማይቻል ከሆነ የድካሟ ዋጋ ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ እንደ እጥበት ወጪ ይግባ። ያን ጊዜ ትርፉ የሚጠፋባቸው ቤቶች ይኖራሉ፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። በባልና ሚስት መካከልም ጥያቄው ያው ነው። ሐሳቡን አንዱ አምጥቶት እጥበቱ በሌላው ላይ የሚወድቅ ከሆነ ዳይፐሮቹ ብዙ ሳይቆዩ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራሉ።

ሌሊትና ቆዳ

በከፊል መጠቀም ከሚመከርባቸው ነገሮች ሁሉ በጣም የምስማማበት ሌሊቱን ለሚጣለው መተው ነው። የሚጣለው ዳይፐር ውስጥ ያለው ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የተባለ ንጥረ ነገር ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ፈሳሽ ይዞ ወደ ጄል ስለሚለወጥ ከ10 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ የቆዳው ገጽ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። በጨርቅም ሌሊቱን ማሳለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ድርብና በደንብ የሚገጥም ሽፋን ይፈልጋል፣ ድርቡም ለመድረቅ ይዘገያል። ነገ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው በሌሊት አንድ ጊዜ ተቀስቅሶ አንሶላ መቀየሩ፣ በአንድ ዳይፐር ከሚያተርፈው ይበልጣል።

ቆዳን በተመለከተ የጨርቁ ደጋፊዎች ሽፍታ ይቀንሳል፣ የሚጣለው ደጋፊዎች ደግሞ ይጨምራል ይላሉ። ከሁለቱም ይበልጥ የሚወስነው የቅያሪው ድግግሞሽ ነው። ልጁ በፈንገስ የሚመጣ ሽፍታ ከያዘው ወይም ተቅማጥ ከጀመረው ጨርቁን አቁሞ እስኪድን ድረስ በሚጣለው መቆየት ይሻላል፤ ሁለቱም ዓይነት ቤት ውስጥ መኖራቸው ትልቁ ጥቅም የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ለአካባቢ የሚያስቡ ወላጆች

በገንዘብ ሳይሆን በቆሻሻ ብዛት ምክንያት ጨርቅን የሚመርጡ ወላጆች አሉ፤ ለእነሱ በሳምንት 12 ዳይፐር አለመጣልም በዓመት ከ600 በላይ ነው። የአየር ንብረት ጉዳይ ግን እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት ሁለት ዓመት ተኩል ለሚቆይ አጠቃቀም የሁለቱ ዓይነቶች የካርቦን ልቀት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚጣለው 550 ኪሎ ግራም፣ ጨርቁ ደግሞ 570 ኪሎ ግራም ያህል። ማሽኑን ሞልቶ ማጠብ፣ በገመድ ላይ ማስጣትና ጨርቁን ለሁለተኛ ልጅ መጠቀም ሲደመሩ የጨርቁን ልቀት በ40 በመቶ ይቀንሱታል፤ ሁልጊዜ በማድረቂያ ማሽን ማድረቅ ደግሞ በዚያው መጠን ያህል ይጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የብሪታንያ መንግሥት አዲስ ግምገማ ጨርቁ በ25 በመቶ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። በከፊል የሚጠቀም ሰው ከዚህ የሚወስደው ነገር አዲስ ከመግዛት ያገለገለውን፣ ከማድረቂያ ማሽንም ገመዱን መምረጥ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚለበስ ጨርቅ በምርቱ ላይ የወጣው ጥጥና ውሃ በአጠቃቀሙ ብዛት አይካካስምና።

ከመግዛት በፊት

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ማቆያው ወይም ተንከባካቢው የሚተባበር፣ እጥበቱም የሚቻል ከሆነ ቀን ጨርቅ ሌሊት የሚጣል ማድረግ ያለጥርጥር ያዋጣል። ካልተባበሩ ደግሞ ምሽትና የሳምንት መጨረሻ የሚያዋጣው በታጣፊ ጨርቅ ሲጀመርና በሳምንቱ መሐል ሌላ ልብስ የሚታጠብበት ቀን ሲኖር ነው። የሳምንት መጨረሻ ብቻ የሚጠቀም ሰው ያገለገለ ካላገኘ ወይም ሁለተኛ ልጅ ካላሰበ ገንዘብ አድናለሁ ብሎ ባይጀምረው እመክራለሁ።

በየትኛውም በኩል ቢሆን ሙሉ ስብስብ በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም። ለአብዛኛው ሕፃን የሚስተካከሉት ዳይፐሮች ልጁ 4 ወይም 5 ኪሎ ግራም እስኪሞላ ድረስ በጭኑ ላይ ስለሚሰፉ ከመውለድ በፊት ተገዝተው የሚቆዩበት ምክንያት የለም። ስድስት ታጣፊ ጨርቅ፣ ሁለት ሽፋንና አንድ ኪስ ያለው ዳይፐር ተውሶም ሆነ ገዝቶ አንድ ወር መሞከር ይበቃል። በዚያ ወር ውስጥ የሚታየው ነገር ከረጢቱ ነው። ማንም ሳይጎተጉት በየሦስት ቀኑ የሚታጠብ ከሆነ ቁጥሩን ጨምሩ። በአራተኛው ቀን ሲከፈት ዐይን የሚያቃጥል ሽታ እየወጣው ከተገኘና ይህም ከአንድ ጊዜ በላይ ከሆነ ግን ባለው ቁጥር ላይ ለሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ቆዩ፣ ወይም ስድስቱን ጨርቆች የወተት መጥረጊያ አድርጋችሁ በሚጣለው ቀጥሉ።